የቀትር እንቅልፍ

ባሏ ታሞ አልጋ ከያዘ ወዲህ፣ ጀርባው እንዳይቆስል ሌት ተቀን ስታገላብጠው ዓመታት አለፉ። ሲሞት፣ አርባውን እንዳወጣች ልጆቿ፣ "እስቲ እንቅልፍሽን ጠግበሽ ነይ" ብለው ብቻዋን ድሬዳዋ ላኳት።

በድሬ ሐሩር፣ ቀትር ላይ ሁሉም ሱቁን ዘግቶ ጋደም ይላል። ያረፈችበት የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት ዘሃራም ግቢው ውስጥ፣ ከኒሙ ዛፍ ጥላ ሥር ምንጣፍ አነጠፈችና፣ "ነይ፣ እዚህ አጠገቤ ውደቂ" አለቻት። ወደቀች።

ስትነቃ ፀሐይ አዘቅዝቃለች።

"እንዴት ያለ እንቅልፍ ነው! ድንጋይ ሆኜ ዋልኩ እኮ" አለች እየተንጠራራች።

ዘሃራ ወገቧን እያሻሸች ተነሳች።

"ድንጋይ? አቦ ተይኝ! ዓይንሽን ሳትገልጪ እየተነሳሽ፣ አንዴ በቀኝ አንዴ በግራ ስታገላብጪኝ ነው የዋልሽው። ደግሞ ቀስ ብለሽ፣ 'አይዞህ፣ አለሁ' ትይኛለሽ።"