ሦስተኛው ዘፈን ላይ ያለው ሳቅ

ሰው ያልሰማውን ዘፈን ሰምቻለሁ እያለ ስንት ዓመት መኖር ይችላል? ጽጌሬዳ ይህን ጥያቄ ይዛ ስትዞር ስድስተኛ ዓመቷ ነው።

ወረታ ውስጥ ቤተ መጻሕፍት ትሠራለች። ሰው ፊት ስትናገር ድምጿ ይጠፋል፤ ስለ ሙዚቃ ስትጽፍ ግን ደብተር አይበቃትም። የትኛው ባንድ መቼ ምን አልበም እንዳወጣ፣ ማን ሳክስፎን እንደነፋ፣ ሁሉንም መዝግባ ይዛለች። የገዛ ከተማዋን ባንድ፣ «የርብ ዳር ልጆች»ን ግን አንድም ቀን አልሰማችም።

ባንዱ የሠራው አንድ ካሴት ብቻ ነው። ዘፋኟ እናኑ ነበረች፤ ማሲንቆ መቺው ባለቤቷ አቶ ቢተው። ባሕር ዳር ሄደው ተቀረጹ። ማባዣ ቤቱ ስልሳውን ቅጂ በአንድ ከሰዓት አድርሶ፣ በሣጥን አሽጎ ሰጣቸው። እንደተመለሱ እናኑ ታመመች፤ ወር ሳይሞላት ሞተች። አቶ ቢተው ሣጥኑን ሳይከፍቱ፣ ከእንግዲህ ዘፈን በጆሮዬ አይገባም ብለው ለማርያም ቃል ገቡ። የሰባት ዓመት ተዝካሯ በወጣ ማግሥት ሣጥኑን ከፍተው ካሴቱን ለሰፈሩ ሰው አደሉት።

«እኔ አልችልም። እናንተ ስሙልኝና ንገሩኝ» አሉ።

ያን ጊዜ ቴፕ ያለው ቤት ጠፍቶ ነበር። ጽጌሬዳም ዛሬ ነገ ስትል ወሩ አለፈ። አንድ ቀን መንገድ ላይ ያዟት።

«እንዴት ነበር ልጄ?»

«ደስ ይላል አባባ።»

«ምኑ?»

ግራ ቀኙን አየች። ማምለጫ አልነበረም።

«ሦስተኛው ዘፈን ላይ... ትስቃለች። መሀል ላይ ሳቅ ያመልጣታል።»

የአቶ ቢተው ፊት በራ። «እሷ እኮ እንዲያ ናት! እኔማ ማሲንቆዬ ላይ አቀርቅሬ የት ሰምቻት!»

ከዚያ ወዲህ ባገኟት ቁጥር ያችን ሳቅ ያስነግሯታል። በጎንደር መንገድ ሲመጡ ካየቻቸው ወደ ደብረ ታቦሩ ትታጠፋለች።

ይበልጥ የሚያሳፍራት ሌላው ሰው ነበር። ሩዝ መፈልፈያ ያለው ይርዳው «ከበሮው ነው እንጂ የሚገድለው!» ይላል። ሸክላ ሻጯ እትዬ ገላነሽ ደግሞ «እኔን ያስለቀሰኝ ዋሽንቱ» ይላሉ። ሁሉም ሰምቷል። ሙዚቃ እወዳለሁ ባይዋ ብቻ ቀረች።

ዘንድሮ በሰኔ አቶ ቢተው ቤተ መጻሕፍቱ ድረስ መጡ። ከዘራቸውን ጠረጴዛው ላይ አስደግፈው ቆሙ።

«የነፍስ አባቴ ለአንድ ቀን ፈቀዱልኝ። ዓይኔም ደክሟል፤ እንግዲህ ስንት ቀን አለኝ? ያችን ሳቅ ሰምቼ ልሂድ። ቴፕ ፈልጊልኝ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ እመጣለሁ፤ ይርዳውንም ገላነሽንም እጠራቸዋለሁ።»

ቴፑ ይፋግ ከተማ፣ አንድ ሬዲዮ ጠጋኝ ዘንድ ተገኘ።

ቅዳሜ ጽጌሬዳ በሩን ዘጋች። ከስድስት ዓመት በኋላ የካሴቷን ፕላስቲክ ቀደደች። አንደኛውን ገጽ እስከ መጨረሻው አዳመጠች፤ ገልብጣ ሁለተኛውን። ድምፁን ከፍ አድርጋ ደገመችው። ሳቅ የለም። ለቤተ መጻሕፍቱ የተሰጡትን ሁለቱንም ሞከረች። እዚያም የለም። ፊቷ ጋለ።

ተነሥታ ወደ ይርዳው ሄደች። ካሴቱ መደርደሪያው ላይ፣ በሩዙ ገለባ አቧራ መሀል፣ ከነፕላስቲኩ ያብለጨልጫል።

«ካሴትህን አውሰኝ።»

«ያንቺስ?»

«ሳቁ... ያንተ ላይ እንዳለ ላረጋግጥ ብዬ።»

ይርዳው ዓይኑን ወደ ማሽኑ መለሰ። «ተይው እባክሽ፤ እሱ ማስታወሻ ነው። ይልቅ ለነገ ያችን ሳቅሽን አዘጋጂያት!»

ሠራተኞቹ ሳቁ። ጽጌሬዳ መሬት ተከፍታ ብትውጣት ወደደች።

እሑድ ማለዳ፣ ሽማግሌው ሳይመጡ፣ የቴፑን ክዳን ፈታች። ውስጥ ያለችውን፣ ካሴቱን የምታዞረውን ቀጭን የጎማ ቺንጋ በምላጭ ቆረጠቻት። ውሸታም፣ አለች ለራሷ። ውሸታም፣ አሁን ደግሞ ሰባሪ።

ሦስቱም መጡ። አቶ ቢተው የታጠበ ጋቢ ለብሰዋል፤ ጆሯቸውን ለቴፑ አስጠግተው ተቀመጡ። ጽጌሬዳ ቁልፉን ተጫነች። ቴፑ አልተንቀሳቀሰም። ደግማ ተጫነች።

ይርዳው ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ።

«ውይ! ምነው ዛሬን!» አሉ እትዬ ገላነሽ። ድምፃቸው ግን ያዘነ ሰው ድምፅ አልመሰለም።

«እኔ ነኝ ያበላሸሁት አባባ» አለች ጽጌሬዳ። «ሳነካካው ተቆረጠ።»

አቶ ቢተው «እንግዲህ እግዜር ያላለው ነው» ብለው ከዘራቸውን በእጃቸው መፈለግ ጀመሩ።

ጽጌሬዳ ከዘራውን ከአጠገባቸው አነሣችው።

«ይቀመጡ። ትናንት አዳምጬዋለሁ። ከመጀመሪያው ልንገርዎት።»

ድምጿ አልጠፋም። የመጀመሪያው ዘፈን እንዴት እንደሚጀምር፣ ማሲንቆው የት ቀድሞ፣ የት እናኑን እንደሚጠብቃት ነገረቻቸው። ይርዳው ጥቂት አመንትቶ የከበሮውን ምት በጉልበቱ ላይ መታ። እትዬ ገላነሽ አጨበጨቡ። ሦስተኛው ላይ ሲደርሱ ጽጌሬዳ መሀል ላይ አቆመችና ሳቀች።

አቶ ቢተው ዓይናቸውን ጨፍነዋል። «እሷ ናት» አሉ። ከዚያ እንደ ልጅ ሰጉ። «አለቀ እንዴ?»

ጽጌሬዳ ከጫፍ እስከ ጫፍ ባዶ የሆነውን ካሴት በእጇ ገልብጣ፣ «አሁን ሁለተኛው ገጽ» አለች።