ለማስረጃ የተሠራ ብረት

ገብረሰንበት ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ሞተር ይጠግን ነበር፤ እሑድ እሑድ ደግሞ ጓጉንቸር ይከፍታል።

የሰው አይደለም፣ የራሱን። ከመርካቶ ይገዛና መክፈቻውን ለሚስቱ ለኣብርሀት ሰጥቶ፣ ያለ መክፈቻ ለመክፈት ሲታገል ይውላል። ሲከፈትለት መልሶ ይቆልፈዋል። ሌላ ጥቅም አልነበረውም።

ይህ ልማድ አብዮታዊ ይሁን ፀረ አብዮት፣ የቀበሌው የውይይት ክበብ ገና አልወሰነም። ጓጉንቸር የግል ሀብት ዘበኛ መሆኑ ግልጽ ነው፤ ስለዚህ የሚከፍተው ሰው ተራማጅ ሊባል ይገባዋል። ችግሩ፣ በ1970 ዓ.ም. ቀበሌውም ጓጉንቸር ነበረው።

እንዲያውም ሦስት፤ ሁሉም የእስረኞቹ ክፍል በር ላይ። ቀበሌው በአባላቱ ፍጹም እምነት ስለነበረው፣ አንዱን መክፈቻ ሊቀመንበሩ፣ አንዱን ጸሐፊው፣ አንዱን የአብዮት ጥበቃው አብዱልናስር ይዘውት ነበር። እንደ እድር ሣጥን፣ ሦስቱ ካልተገናኙ አይከፈትም። ከበሩ ጀርባ የገብረሰንበት ታናሽ እህት አለም ነበረች፤ ወረቀት በትናለች ተብላ። እስረኞቹ በቅርቡ ከቀበሌው በላይ ወዳለው ጽሕፈት ቤት፣ ወደ ከፍተኛው ይዛወራሉ ይባላል። ወደዚያ ከተዛወሩት መካከል ስንቅ የተቀበለ እስካሁን አልተሰማም።

በዚህ መሀል አሰሳ መጣ። የመጣው አብዱልናስር ነው። የወሎ ልጅ ነው፤ አውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣ ይጭን በነበረ ጊዜ ገብረሰንበት «አንተ» ይለው ነበር። ጠመንጃ ከያዘ ወዲህ ለገብረሰንበት «ጓድ» ሆኗል፤ እሱ ግን «ጋሼ» ማለቱን አልተወም። ይህ ገብረሰንበትን ይበልጥ ያስፈራው ነበር።

ጥበቃዎች ሁለት ሁለት ሆነው ነው የሚሄዱት፤ አብዮቱ ማንም ሰው ብቻውን እንዲሳሳት አይፈልግም። ሁለተኛው ጥበቃ በሩን ተደግፎ እያንዳንዱን ቃል ያዳምጣል።

መሳቢያው ሲከፈት ጓጉንቸር የሚከፍትባቸው ብረቶች ተገኙ። አብዱልናስር ወንጀሉ እንዴት እንደሚፈጸም እንዲያሳየው አዘዘ። ገብረሰንበት አስረዳ። ውስጡን ለመነካካት የትኛውም ሽቦ ይሆናል። ዋናው ሌላኛው ነው፤ ጫፉ የታጠፈ ቀጭን ብረት፣ ጓጉንቸሩ አፍ ውስጥ ገብቶ በቀስታ ወጥሮ የሚይዘው። እሱ መወጠሪያ ይለዋል። በጣም ከጠጠረ ይሰበራል፤ ከለሰለሰ ይጣመማል፣ አይመለስም። ከሁሉ የሚሻለው የመኪና መስተዋት መጥረጊያ ጎማ ውስጥ ያለው ነው።

አብዱልናስር ተቀብሎ ራሱ ሞከረ። ላቡ ጠብ እስኪል ታግሎ ከፈተው። ቆልፎ ደግሞ ከፈተው።

«ጓድ፣ ሌባ ሆነህ ቀረህ እኮ» አለው በሩ ላይ ያለው።

«ለምርመራው ስል ነው» አለ አብዱልናስር፣ ሳይስቅ። ብረቶቹን ሰብስበው ሄዱ።

ቅዳሜ ተመልሰው መጡ። አብዱልናስር ኮሚቴው ማስረጃ እንደሚፈልግ ነገረው። የተወሰዱትስ ቢለው፣ ወደ ከፍተኛው ተልከዋል አለ፤ አዲስ ይሠራል፣ ሁለት ይበቃል። ከዚያ ከቀበቶው ላይ የራሱን መክፈቻ ፈትቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

«ይኼ ለሚገባበት ጓጉንቸር ልክ ይሁን፣ ጋሼ። ሦስቱም ከአንድ ሱቅ ነው የተገዙት።»

ገብረሰንበት መክፈቻውን አየ እንጂ ሊነካው አልደፈረም። አብዱልናስር ነገ ከሰዓት እንደሚወስዱት ነገረውና ተነሣ።

«ነገ ማታ ደግሞ በርዎን እንዳይቆልፉ። ማንኳኳት አንወድም።»

ሲወጡ ኣብርሀት፣ «መታነቂያ ገመድህን ራስህ ፍተል ብለውህ ሄዱ» አለች።

ገብረሰንበት ተቀምጦ አሰበ። እህቱ የታሰረችበትን በር የሚከፍት ብረት ከእጁ ከተገኘ፣ እሱም አለምም አበቃላቸው። አልሠራም ቢል አሻጥር ነው። ሠርቶ ባይከፍትስ? ያኔ ነገሩ የአንድ ሞኝ መካኒክ የእሑድ ጨዋታ ሆኖ ይቀራል፤ በሞኝነት የተረሸነ ደግሞ ብዙ አልነበረም።

ሰፈር ውስጥ ከቆመች አሮጌ ቮልስዋገን መጥረጊያ ሁለት ቀጫጭን ብረቶች መዝዞ አወጣ። በሞረድ አጠበባቸው፤ ጫፋቸውን አጠፈ። የራሱን ጓጉንቸር ሞከረባቸው፤ ወዲያው ተከፈተ። በሕይወቱ ከሠራቸው ሁሉ የሚበልጡ ነበሩ።

ከዚያ ከሰል አቀጣጠለ። ብረቶቹን እስኪቀሉ አጋላቸውና ቀስ ብለው እንዲቀዘቅዙ አመድ ውስጥ ቀበራቸው። እንዲህ የሆነ ብረት ጥንካሬውን ይረሳል፤ የሞተር ሰው ያውቀዋል። በብርጭቆ ወረቀት ወለወላቸው። መልካቸው ያው ነው፤ ጉልበታቸው ግን የለም።

እሑድ ከሰዓት አብዱልናስር አንዱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስቶ አየውና ሁለቱንም ኪሱ ከተተ።

«እጅዎ ይባረክ፣ ጋሼ።»

ጓደኛው ከት ብሎ ሳቀ። አብዱልናስር አልሳቀም።

ያን ማታ ባልና ሚስቱ እንደታዘዙት በሩን ሳይቆልፉ፣ ልብሳቸውን ሳያወልቁ ጠበቁ። ማንም አልመጣም። ሲነጋ ኣብርሀት የአለምን ቁርስ ቋጥራ ወደ ቀበሌው ሄደች።

ቁርሱን እንደያዘች ተመለሰች። የደረሰችው መኪናው እስረኞቹን ጭኖ ሲወጣ ነው። አለምን በሩቁ አይታታለች። ከሦስቱ ጓጉንቸሮች ሁለቱ አፋቸው ውስጥ ብረት ተጣሞ ስለቀረባቸው በመጋዝ ተቆርጠው በሩ ሥር ወድቀዋል።

ሞክረውታል ማለት ነው። ገብረሰንበት ስለ እህቱ እያለቀሰ፣ ስለ ራሱ ግን ትንፋሹ ሲመለስለት ተሰማው። ቆይቶ፣ አብዱልናስር ስለ ብረቶቹ ያላት ነገር እንዳለ ጠየቃት።

«ምን ይበለኝ» አለች፤ «ከአለም ጋር በአንድ ገመድ አስረው ጭነውታል።»