ያልተነሳው ቀበሮ

በብሪንማይን መንደር በየዓመቱ ግንቦት ላይ የግጥም ውድድር አለ። ተወዳዳሪው ግጥሙን በብዕር ስም ይልካል፤ እውነተኛ ስሙን በታሸገ ፖስታ አብሮ ያስቀምጣል። ዳኛው ከሌላ አገር ይመጣል። መድረክ ላይ ቆሞ የአሸናፊውን የብዕር ስም ሲጠራ ባለቤቱ ከሕዝቡ መካከል ይነሳል። ያኔ መለከት ይነፋል፤ የመንደሩ አናጢ የሠራው ወንበርም ይሰጠዋል።

ወንበር ያገኘ ሰው ዳግመኛ አይወዳደርም። ከቀድሞዎቹ አሸናፊዎች ጋር የፊተኛው አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ያጨበጭባል፤ ሲሰለቸው ያዛጋል።

ኢድዋል ጡረታ የወጣ የወተት መኪና ሾፌር ነው። ሚስቱ ሉነድ ከሞተች ወዲህ ዶሮ ያረባል፣ ግጥም ይጽፋል። የብዕር ስሙ «አውራ ዶሮ» መሆኑን የመንደሩ ድመቶች እንኳ ያውቃሉ፤ ለውጦት አያውቅም። የብርዱ ወራት በገባ ቁጥር በየሰው አጥር ላይ ተደግፎ ቤት የሚመታለት ቃል ይለምናል። ሰዉም በሳቅ ይሰጠዋል።

ሦስት ዓመት በተከታታይ ሁለተኛ ወጣ። አንደኛ የሚወጣው «ቀበሮ» የሚባል ነው። ቀበሮ ተብሎ ሲጠራ ግን የሚነሳ የለም፤ ፖስታውም ሲከፈት ባዶ ነው። ባለቤት ያጡት ወንበሮች አናጢው ቤት ተደርድረው ዶሮ ይሰፍርባቸዋል።

ቀበሮውን በማሳደድ ከኢድዋል የበረታ አልነበረም። የጠረጠረው ፓስተር ቴግዊንን ነው። እንደ እሱ አባባል ፓስተሩ የቃል ሰው ነው፤ የፍቅር ግጥም መጻፉን ምእመናኑ እንዳያውቁበት ይደበቃል። ፓስተሩ ቢክድም የሚያምነው ጠፋ፤ ሲክድ ፊቱ ይቀላ ነበርና።

ባለፈው መስከረም የውድድሩ ኮሚቴ ተሰብስቦ አዲስ ደንብ አወጣ። አንደኛው ካልተነሳ ወንበሩን ሁለተኛው ይወስዳል። ደንቡ ለማን ተብሎ እንደወጣ ሁሉም ገብቶታል። ያለፈ ያገደመው የኢድዋልን ትከሻ እየመታ እንኳን ደስ አለህ አለው። እሱ ግን ሻዩን ሳይነካው ተነሳ።

ጎረቤቱ ኔስታ ወደ ቤት ሲሄዱ አብራው ነበረች። እሷም ትወዳደራለች፤ ከአራተኛ አልፋ ግን አታውቅም።

«ምነው ፊትህ ጠቆረ?» አለችው። «ወንበሩ እኮ ያንተ ሆነ ማለት ነው።»

«ሌላው ስላልተነሳ ብቻ ልቀመጥ?»

«ታዲያስ! እኔ ብሆን ቀበሮው ራሱ እግሬን እየነከሰኝም ቢሆን እቀመጥበት ነበር።»

ኢድዋል ትንሽ አሰበ። «እንግዲያው ጠንክረሽ ጻፊያ» አላት።

በዚያ የብርድ ወራት ቃል መለመኑን ተወ። እንዲያውም ቃል ሲያገኝ ለኔስታ በአጥር ላይ ያቀብላት ጀመር። ሰዎች ክብሩ ተነክቶበት ነው፣ ሽማግሌው ተስፋ ቆርጧል ተባባሉ።

ግንቦት መጣ። የዘንድሮው ርዕስ «በር» ነበር። ዳኛዋ ቀጠን ያለች፣ ምላሷ ስለት የሆነ ሴት ናት። ከመጨረሻው ጀመረች።

«አውራ ዶሮ ዘንድሮ ጉሮሮውን አሞታል» አለች። «ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ ሦስቱንም ጊዜ ነግቷል ብዬ አላመንኩትም።»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ከሁሉ በላይ የሳቀው ኢድዋል ነበር። ኔስታ አዝናለት ክንዱን ያዝ አደረገችው።

ከዚያ ዳኛዋ መነጽሯን አስተካክላ አሸናፊውን ግጥም አነበበች፦

ቀለሙ የጠፋ አሮጌ በር አለኝ፣
ሲያጓራ የሰሙ ዘይት ቅባው አሉኝ፤
አልቀባም ጎረቤት፣ እሱም ቋንቋ አለው፣
ማን እንደመጣልኝ ነጋሪው እሱ ነው።

«የቀሩትን ሁለት መስመሮች አላነብም» አለች። «እነሱን ወንበሩ ላይ ሆኖ ማሰማት የባለቤቱ መብት ነው። ቀበሮ ይነሳ።»

አንድም ሰው አልተነሳም። ሁሉም አንገቱን ያዞራል። ኢድዋልም ወደ ኋላ ዞረ።

«ይነሱ እንጂ ፓስተር» አለ። «የጸሎት ቤቱ በር እንዴት እንደሚያጓራ ሁላችንም እናውቃለን።»

ሳቁ እንደገና ተነሳ፤ ፓስተሩ እንደ ልማዱ ቀላ። ዳኛዋ ትንሽ ጠብቃ፣ ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ከእሷ ሌላ ያየው የለም። ፖስታውን ቀደደችው፤ ባዶ ነበር። በደንቡ መሠረት ሁለተኛውን ጠራች፦ «ሽንኩርት።»

ኔስታ ስሙ የራሷ መሆኑን ለማመን ጊዜ ወሰደባት። ስትነሳ መነጽሯ ወደቀ፤ ኢድዋል አንስቶ ሰጣት። መለከቱ ተነፋ፤ ወንበሩ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች።

በኋላ በራፉ ላይ ጠብቃ ያዘችው። የእሱን ወንበር የወሰደች ያህል አፍራ ነበር።

«ለከርሞ ያንተ ነው፣ አይዞህ» አለችው።

«ለከርሞማ እንሞክራለን» አላት። «አንቺ ነሽ እንጂ የምታሳዝኚው። ከእንግዲህ አግዳሚው ላይ ማዛጋት ነው።»

እያፏጨ ኮረብታውን ወጣ። ቤቱ ሲደርስ ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም። ዶሮዎቹን አስገብቶ ቆጠራቸው፤ አንዷም አልጎደለችም። የወጥ ቤቱን በር ገፋው፤ በሩ አጓራ። ኢድዋል ቆቡን አወለቀ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ከምድጃው አጠገብ ወዳለችው የሉነድ ባዶ ወንበር ዞሮ እንዲህ አለ፦

አንዲት ሴት ነበረች፣ ስትገፋው ዝም የሚል፣
ዝምታው ሲበዛ እሷ ትመስለኛል።