ከቤርጋሞ ሻርለሯ

ከጣሊያኗ ቤርጋሞ ቤልጂየም ሻርለሯ በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ተኩል ቢሆን ነው፤ መንገዱ ግን አላልቅ አለው። ቀበቶውን ይፈታል፣ መልሶ ያስራል። ከአገር ቤት ደውለው የላኩት የሰፈራቸው ሽማግሌ ጋሽ ወንድይራድ ናቸው። "የስንዱ እናት አርፈዋል። መርዶ በስልክ አይነገርም፤ አብሮ አደጓ አንተ ነህ፣ ሄደህ አርዳት" አሉት። ምን ብሎ ይጀምር? ከመሳፈሩ በፊት እናቱን ሊያማክር ደጋግሞ ደውሎ ነበር፤ አታነሳም።

ስንዱ አየር ማረፊያ ድረስ መጥታ ተቀበለችው። ዓይኗን ማየት አቃተው። ቤት እንደገቡ ምግብ አቀረበች።

"ብላ እንጂ!"

"መጀመሪያ አንቺ ብዪ" አላት፤ በባዶ ሆዷ ሊያረዳት አልፈለገም።

"እኔ በልቻለሁ። በሞቴ፣ አንዲት ጉርሻ!"

ጎረሰ። ውሃ ልታመጣለት ወደ ኩሽና ስትገባ፣ ጠረጴዛው ላይ የተወችው ስልክ ጠራ። ከአገር ቤት ነው። ሌላ ሰው ቀድሞ እንዳይነግራት ብሎ አፈፍ አድርጎ አነሳው።

ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቀው የስንዱ እናት ድምፅ ነበር።

"ስንድዬ፣ ልጁ ደረሰ? አደራሽን፣ እህል ሳይቀምስ እንዳትነግሪው።"