የኑዋንላ እርምጃ

በታይላንዷ ኮን ኬን ከተማ ሽማግሌ ለምን እንደሚወድቅ የሚያጠኑ ምሁራን አሉ። ዓይንህ ላይ ትልቅ መነጽር ያስሩልሃል፤ ባዶ ክፍል ውስጥ ቆመህ የገበያ መንገድ ታያለህ። የምትራመድበት ምንጣፍ ደግሞ እርምጃህን ይመዘግባል። አራተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩት እኔ ለምሁር ጠቀምኩ፤ የሚስቴ ወንድሞች ይስሙ!

ዛሬ ያሳዩኝ መንገድ ሚስቴ ኑዋንላ የወደቀችበት ነው። ከዚያ በኋላ ግራ እግሯን እየጎተተች ሦስት ወር ብቻ ኖረች። በወጋችን፣ ሰው የወደቀበት ቦታ ሄደህ እዚያ የቀረውን መንፈሱን በስሙ ጠርተህ ወደ ቤት ትመልሳለህ። ልጠራት ሄጄ ነበር። አስተማሪዎቹ ወንድሞቿ ግን «ጋሪ ገፊውም መነኩሴ ሆነ!» ብለው ሲስቁ አፈርኩና ሳልጠራት ተመለስኩ። ስድስት ዓመት ሙሉ ባዶውን ቤት በከፈትኩ ቁጥር ያ ሳቅ ይሰማኛል።

«አባባ ካምሲንግ፣ ምነው ቆሙ? ደከመዎት?» አለች ኮምፒውተሩን የምትከታተለው ፒምቻኖክ።

«ዝም በይ አንቺ፣ ሥራ ላይ ነኝ።» ከዚያ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ «ኑዋንላ፣ ነይ፤ ወደ ቤታችን እንሂድ» አልኩ።

ልጅቷ ሳቀች። «ውይ አባባ! እዚህ ድረስ መጥተው ሚስት ይጠራሉ?»

ሳቋ መሃል ላይ ተቋረጠ።

«አባባ፣ እስቲ አይንቀሳቀሱ።»

«ቆሜያለሁ እኮ።»

«ምንጣፉ ግን እርምጃ እየመዘገበ ነው። ከኋላዎ ነው የሚመጣው» አለች ቀስ ብላ። «ግራ እግሩ ይጎተታል።»