የአንድ ሰው መብራት

በአዲሱ ደንብ ለየቤቱ ብርሃን የሚሰፈረው በሰው ቁጥር ነው። ብርቄ ቤት ውስጥ ያለውን ሰው እየቆጠረ ብርሃን የሚለካ የመብራት መቆጣጠሪያ ስትገጥም ውላ ጉልበቷ ዝሏል። የመጨረሻው ቤት ብቻቸውን የሚኖሩት የእማማ ዘርፌ ነው።

መቆጣጠሪያውን ከኔትወርኩ አገናኝታ የአንድ፣ የሁለትና የቤተሰብ የተባሉትን የብርሃን ልኮች ጫነችበት። ቤቱ ወገግ አለ።

«እሰይ! ምስሬን ልልቀምበታ» አሉ እማማ ዘርፌ፣ ትሪያቸውን ስበው።

ብርቄ ቦርሳዋን አንግታ እንደወጣች ቤቱ ከኋላዋ ደበዘዘ። ዞር ስትል አሮጊቷ ጠጠሩን በጣታቸው ይዳስሳሉ።

«ተበላሸ እንዴ ልጄ?»

«አልተበላሸም እማማ። ይሄ የአንድ ሰው ነው።»

«እንግዲህ ምን ይደረጋል። ሂጂ፣ ደክሞሻል፤ ቤትሽ ግቢ።»

ብርቄ ተመልሳ ገባች፤ ቤቱም መልሶ ወገግ አለ። ቦርሳዋን አውርዳ ትሪው አጠገብ ተቀመጠች።

«ይልቀሙ» አለች። «እኔም ቤት የሚጠብቀኝ ያው የአንድ ሰው ነው።»