እንደታተመው

ይርዳው የሷን ሥዕሎች የኮሚክ መጽሔት አድርጎ በራሱ ስም አሳትሞ ሲሸለም አዳራሹ ውስጥ ተቀምጣ አጨብጭባለታለች። ከሃያ ዓመት በኋላ፣ የኮሚክ መጽሔቶችን መረጃ አንባቢዎች ራሳቸው የሚሞሉበት ድረ ገጽ ላይ ገባች።

«አሁን ስምሽን አስገቢ» አለቻት እህቷ ፋናዬ። «ረቂቆቹ እኮ እጅሽ ላይ አሉ።»

«የለም። መጽሔቱ ላይ የታተመው የሱ ስም ነው፤ እሱው ይቀመጥ።»

«ሠዓሊ» በሚለው ቦታ ይርዳው ብላ ሞላች። ከዚያ «ማስታወሻ» የሚለው ሥር እያንዳንዱ ሥዕል ከየትኛው የጣሊያን መጽሔት፣ ከስንተኛው ገጽ እንደተገለበጠ ሳታዛንፍ ጻፈች። አርባ ስምንቱንም ገጽ፣ ከነጣሊያንኛው ፎቶ። ላከችው።

«ጉዱ ፈላ» አለች ፋናዬ። «ግን አንቺ ይሄን ሁሉ እንዴት አወቅሽ?»

«የመስኮት መስታወት ላይ ለጥፌ የገለበጥኩት እኔ ነኛ።»